አባቴ ሲያቀልጠው የኖረው ብር፦ ጠገራን፣ የምኒልክን ብርና ሽልንግን መለየትና መገመት

አባቴ አንጥረኛ ነበር። ያደግኩትም መርካቶ፣ ከጠባብዋ ሱቁ ውስጥ፣ ወናፉ አጠገብ ነው። ደንበኛ ጠገራ ብሩን፣ የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ትሬዛ ምስል ያለበትን ድሮ እንደ ገንዘብ ይሠራበት የነበረውን ትልቁን የብር ሳንቲም፣ በመሀረብ ቋጥሮ ይመጣል። አባባ አንድ በአንድ መስፉ ላይ ጣል እያደረገ ድምፁን ያዳምጣል፣ ይመዝናል፣ ያቀልጣል። በሳምንቱ ያው ብር የአንገት መስቀል ወይም አልቦ ሆኖ ይወጣል። እቴጌዋ ከነጉንጯ ከነሻሿ ስትቀልጥ ማየት ያኔ ምንም አይመስለኝም ነበር። ዛሬ ያንኑ ብር እያሳደድኩ እገዛለሁ። አባባ ጡረታ ላይ ነው፤ በኔ ነገር መሳቅ ግን አላቆመም።

ከሰው የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። አንዱ የአያቱን ሙዳይ ይከፍትና ፎቶ ያነሳል፤ «1780 ይላል፤ ከ240 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። ስንት ያወጣል?» ይለኛል። መልሴ ብዙ ጊዜ ያስከፋዋል። ላዩ ላይ የተጻፈው ዓመት ዕድሜውንም ዋጋውንም አይናገርም። የሚናገሩት ሌሎች ናቸው፦ በውስጡ ያለው የጠራ ብር፣ የዓይነቱ መብዛትና ማነስ፣ አያያዙ። ሻጭ ግን ታሪኩን ነው የሚሸጥላችሁ።

ያ 1780 የሚለው ቁጥር

ማሪያ ትሬዛ የኦስትሪያ ገዢ ነበረች፤ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች። ብሯ ግን በቀይ ባሕር ዳርና ዳር ባሉ ገበያዎች እምነት አግኝቶ ስለነበር፣ ከሞተች በኋላም በዚያው መልክ፣ በዚያው ዓመት መታተሙ ቀጠለ። ነጋዴው ሌላ መልክ አልቀበልም ስላለ ነው። ቪየና፣ ፕራግ፣ ሚላኖና ቬኒስ አትመውታል። በ1935 እ.ኤ.አ. ጣሊያን እኛን ለመውረር ስትዘጋጅ የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብላ ሮም ላይ ማተም ጀመረች። ለንደን፣ ፓሪስና ብራሰልስም ብዙ ሳይቆዩ የየራሳቸውን አወጡ። ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ ቦምቤይ ተጨመረች። ቪየና ዛሬም ለሰብሳቢ ታትመዋለች። ሁሉም ተደምሮ ከ300 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ሁሉም 1780 ይላል። ስለዚህ በአያታችሁ ሙዳይ ያለው ጠገራ አያታችሁ ከተዳሩበት ዓመት ብዙ የማይበልጥ ሊሆን ይችላል።

እና ዋጋው? መደበኛው ጠገራ የሚሸጠው በውስጡ ባለው ብር ዙሪያ ነው። ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ጥራቱ ከሺህ 833 ነው። የጠራው ብር 23.39 ግራም ይሆናል፤ የቀረው መዳብ ነው። የዓለም ገበያ ብርን የሚሸጠው በአውንስ ነው፤ አንዱ አውንስ 31.1 ግራም ነው። ስለዚህ የዕለቱን የአውንስ ዋጋ በ0.752 አባዙት። ለምሳሌ አውንሱ 30 ዶላር ቢሆን፣ አንድ ጠገራ ውስጥ የ22 ዶላር ከ56 ሳንቲም ብር አለ። ይህቺን ስሌት በስልካችሁ ሠርታችሁ ካልሆነ ለድርድር አትቀመጡ።

እግረ መንገዴን፦ ወቄት የምንለው ሚዛን ከአንድ ጠገራ ክብደት ጋር እኩል ነው፤ 28 ግራም። አባባ የሚዛን ድንጋይ ሲጠፋበት ያልተበላ ጠገራ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጥ ነበር።

ከሞቷ በፊት በነበሩት ዓመታት የታተሙ ሌሎች ታለሮችም (ታለር የጠገራው የአውሮፓ ስም ነው) አሉ፤ ዓመታቸው ሌላ፣ መልካቸውም ሌላ ነው። እነሱን ከያዛችሁ ነገሩ ይለያል፤ በብር ሚዛን አትሽጡ። በኛ አገር ሙዳይ ውስጥ ግን እምብዛም አልገጠሙኝም።

ሐሰተኛውን መያዝ

አባባ በድምፅ ይለይ ነበር። ጥሩ ብር በጣት ጫፍ ሚዛን ተጠብቆ በሌላ ሳንቲም ጠርዝ ሲነካ ረዘም ብሎ ያቃጭላል፤ እርሳስ ያለበት ድብ ብሎ ይቀራል። ይህ ጆሮ ግን በአንድ ቀን አይመጣም። እኔ መጀመሪያ ማግኔት አስጠጋለሁ። ብር በማግኔት አይሳብም፤ ከተሳበ እዚያው አለቀ። ካልተሳበ ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም፤ መዳብም ነሐስም አይሳቡም። በረዶ ላዩ ላይ አስቀምጦ ቶሎ መቅለጡን ማየት የሚሉትም ነገር አለ፤ መዳብም እንደዚያው ስለሚያቀልጠው አልታመንበትም።

ቀጥሎ ጠርዙን እዩ። የጠገራ ጠርዝ ባዶ አይደለም፤ ዙሪያውን በላቲን «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ»፣ ፍትሕና ምሕረት፣ ተብሎ በጌጥ ተከፋፍሎ ተጽፏል። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ፣ ወይም ዙሪያውን እንደ ስፌት ያለ መስመር ከታየ፣ በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ነው። ከእቴጌዋ ምስል በታች ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ኤስ እና ኤፍ፣ ጥርት ብለው መነበብ አለባቸው። ዘመን አላበላሻትም የሚሏችሁ፣ ግን ፊቷ እንደ ሳሙና የለሰለሰ ሳንቲም ካያችሁ፣ አፈር ውስጥ ተፈልፍሎ በእርሳስ የተሞላ ቅጂ መሆኑን ጠርጥሩ።

አሁን ወደ ውሃው። ይህን የተማርኩት ከደረሰብኝ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት አንድ ደላላ የምኒልክ አንድ ብር አመጣልኝ። መዘንኩት፤ 27.9 ግራም። ስፋቱን በካሊፐር ለካሁ፤ ልክ ነው። ማግኔት አልሳበውም። የወር ደሞዜን ግማሽ ሰጥቼ ገዛሁት። ማታ ቤት ስገባ አባባ መስፉ ላይ ጣል አደረገና ምንም ሳይል መለሰልኝ። ያ ዝምታ እንቅልፍ ነሳኝ።

በማግስቱ ይህን አደረግኩ። 0.01 ግራም ድረስ የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ላይ ግማሽ ድረስ ውሃ የያዘ የሻይ ብርጭቆ አስቀመጥኩና ወደ ዜሮ መለስኩት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስሬ ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ እንዲሰጥም አንጠለጠልኩ፤ የብርጭቆውን ታችም ሆነ ጎን ሳይነካ። ሚዛኑ ያኔ የሚያሳየው ሳንቲሙ የገፋውን ውሃ ነው። የምኒልክ ብርም ሆነ ጠገራ ደህና ከሆነ 2.75 አካባቢ ማንበብ አለበት፤ ክብደቱን በዚያ ስታካፍሉት 10.2 ገደማ ይመጣል። የኔው 3.2 አነበበ። 27.9 ሲካፈል ለ3.2፣ 8.7 ነው። ነሐስና ኒኬል የተቀላቀለበት መዳብ የሚያርፉበት ቦታ ነው እንጂ ብር እዚያ የለም። ክብደቱ እንዴት ልክ ሆነ? ወፈር አድርገውታል። ከእውነተኛው ጎን በጠርዙ ሳቆመው ልዩነቱ በዓይን ይታይ ነበር፤ ቀድሜ ጎን ለጎን ባቆማቸው ኖሮ ውሃም አያስፈልገኝም ነበር።

ክሩ ላይ የአየር አረፋ እንዳይጣበቅ ሳንቲሙን ውሃ ውስጥ ትንሽ ነቅነቅ አድርጉት። ማንጠልጠያ ጆሮ የተበየደበት ሳንቲም ላይ ውጤቱ ትንሽ ይዛባል።

የምኒልክ ብር፦ ግዕዝ ማንበብ ገንዘብ ነው

አፄ ምኒልክ በራሳቸው ስም ብር ያሳተሙት ፓሪስ ነው፤ የመጀመሪያው 1887 ዓ.ም. ይላል። ብሩ 28.075 ግራም ሆኖ ጥራቱ ከሺህ 835 ነው፤ ከጠገራው ጋር ጎን ለጎን እንዲሄድ ሆን ተብሎ። ከሥሩ አላድ፣ ሩብ፣ ተሙንና ግርሽ አሉ፤ ግማሽ፣ አንድ አራተኛ፣ አንድ ስምንተኛ፣ አንድ ሃያኛ። ክብደታቸውም በዚያው ልክ ይወርዳል፤ አላዱ 14 ግራም፣ ሩቡ 7፣ ተሙኑ 3.5፣ ግርሹ 1.4 ግራም። 

ገበያው ግን አዲሱን ብር በደስታ አልተቀበለም። በተለይ ከአዲስ አበባ ራቅ ባለ አገር ሰው «እቴጌዋን ስጠኝ» ነበር የሚለው። የንጉሡ ብር የታተመውም ከጠገራው አንጻር ጥቂት ነው። ዛሬ ዋጋው ከብሩ ሚዛን በላይ የሚወጣው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ እኛ ፈረንጅ ሰብሳቢ የሌለው ብልጫ አለን፤ ጽሑፉን እናነባለን። በንጉሡ ምስል ዙሪያ «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ»፣ በአንበሳው ዙሪያ ደግሞ «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ይላል። ቅጂ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ግዕዝ አያውቅም፤ «ዘ» የ«ዙ» እግር ታወጣለች፣ «ሞ» ትሰበራለች። አንዱን ፊደል እንኳ «ይሄ ምንድነው?» ብላችሁ ከቆማችሁ፣ አትግዙ።

ከሁሉም በላይ ዓመቱን አንብቡ። ፲፰፻፹፯ እና ፲፰፻፹፱ የሚለያዩት በመጨረሻዋ ምልክት ብቻ ነው፤ በተበላ ሳንቲም ላይ ፯ እና ፱ ይምታታሉ። ልዩነቱ ግን ቀልድ አይደለም። የ1887ቱ አንድ ብር የታተመው 20,000 ገደማ ብቻ ሲሆን የ1889ኙ ከ400,000 በላይ ነው። አጉሊ መነጽር ይዛችሁ፣ መብራቱን ከጎን አድርጋችሁ እዩ፤ ከላይ የሚያበራ መብራት የተበላውን ይደብቃል። አንበሳው የትኛውን የፊት እግሩን እንዳነሳም ተመልከቱ፤ ቀኝ ወይም ግራ መሆኑ ከእትም እትም ይለያያል፣ ከዓመቱ ጋር ካልተስማማ ጥርጣሬ ነው።

ጀማሪዎች፣ ግርሽ ለመሰብሰብ አትፍሩ፤ በጣም ጥሩ መነሻ ናት። 1895 የምትለዋ ግርሽ ያንኑ ዓመት እንደያዘች ለረጅም ጊዜ በሚሊዮኖች ታትማለች፤ ስለዚህ ርካሽ ናት፣ ብትሳሳቱም ቤታችሁ አይፈርስም። ትንሿ ነገር ግን መላዋን ታስተምራለች፦ ጽሑፍ፣ አንበሳ፣ አያያዝ።

ለአያያዝ ከፍ ያለውን ቦታ እዩ

ሳንቲም የሚበላው መጀመሪያ ከፍ ባለው ቦታ ነው። በጠገራ ላይ ከጆሮዋ በላይ ያለው ጸጉር፣ ትከሻዋ ላይ ያለችው የዕንቁ ጌጥና የንስሩ ደረት ላባ ናቸው። ድሮ ገበያ ላይ ሰው ዕንቁዎቹን ይቆጥር ነበር፤ ዛሬም ቆጥሩ፣ የጠፉት ስንት እንደሆኑ ወዲያው ይነግራችኋል። በምኒልክ ብር ላይ የዘውዱ ጌጥና የጉንጫቸው ጸጉር፣ በጀርባው ደግሞ የአንበሳው ጋማና ጭኑ ናቸው። ጋማው ዘለላ ዘለላ ሆኖ ከታየ ጥሩ ነው። ልሙጥ ከሆነ ተራ ነው። በዚህ ልዩነት ዋጋው እጥፍ ብቻ ሳይሆን ብዙ እጥፍ ይሄዳል።

ማንጠልጠያ የተበየደበት ሳንቲም በአገራችን ብዙ ነው፤ በአንገት ይደረግ ነበርና። ለሰብሳቢ ዋጋው ወደ ብሩ ሚዛን ይወርዳል። ጆሮው ተሞርዶ የወጣበት ደግሞ ከላይ በኩል ጠርዙ ጠፍጠፍ ብሎ ጽሑፉ ይጎድላል። ሻጩ «ሲወድቅ ነው» ይላችኋል። እኔ እንዲያውም ጆሮው ያልተነቀለውን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ሴትየዋ አንገት ላይ የነበረው እንዳለ ነው።

መወልወል። ይህን በቀይ ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ሃያ ዓመቴ ላይ ያገኘሁት የመጀመሪያው የምኒልክ አላድ ጥቁር ነበር፤ ሰማያዊና ወይን ጠጅ የሚመታ ጥቁረት። እናቴ የብር ጌጧን እንደምታጥበው በአመድና በሎሚ ፈተግኩት። አብለጨለጨ። ለአንድ አሮጌ ሰብሳቢ ኩራት ይዞኝ ሳሳየው ወደ መስኮቱ ወሰደው፣ አዘነበለው፣ አመዱ የቧጨራቸውን ቀጫጭን መስመሮች አሳየኝና «ልጄ፣ የመቶ ዓመት ቆዳውን ገፈፍክለት» አለኝ። ያን አላድ ዛሬም የሚገዛኝ የለም፤ እኔም አልሸጠውም፣ ሰው ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ የማወጣው እሱን ነው። ጥቁረቱን ተዉት። አፈር ከያዘው በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ በለስላሳ ጨርቅ ሳታሹ ጠብ ጠብ አድርጋችሁ አድርቁት፤ ሌላ ምንም አትጨምሩ። ስትይዙትም በሁለት ጣት ከጠርዙ።

የሽልንጉ ነገር

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሃምሳ ሳንቲም፣ ሽልንግ የምንለው፣ ብር መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። 1936 ዓ.ም. ይላል፤ አሜሪካ ታትሞ መጥቶ ነው። 7.03 ግራም ይመዝናል። መጀመሪያ የታተመው ጥራቱ ከሺህ 800፣ በኋላ የታተመው 700 ነው፤ ሁለቱም ግን 1936 ነው የሚሉት። በዓይን ስለማይለዩ እኔ ሁሉንም እንደ 700 እገዛለሁ፤ 4.9 ግራም የጠራ ብር ማለት ነው። ብዙ ስለታተመ ብርቅ አይደለም። ብርቅ ባይሆንም እወደዋለሁ፣ ሰበቡ ታናሽ ወንድሙ ነው። ያኔ ሃያ አምስት ሳንቲሙ ክብ መዳብ ነበር፤ ብልጦች በብር ቀለም እየለበጡ እንደ ሽልንግ ሲያሳልፉት መንግሥት ጠርዙን እንደ አበባ ሸንሽኖ አወጣው። ሁለቱንም ጎን ለጎን ለልጆቼ አስቀምጬላቸዋለሁ።

ጣሊያን ለኤርትራ ያሳተመችው ታለርም አልፎ አልፎ ይመጣል። የ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የንጉሥ ኡምቤርቶ ምስል ያለበት ነው። የ1918 እ.ኤ.አ.ው ደግሞ እቴጌዋን እንዲመስል የተሠራ ነው፤ ዘውድ የደፋች ሴት አለችበት፣ ግን እሷ አይደለችም። ገበያው ወዲያው አወቀና ገፋው። ዛሬ ይህ የተገፋው ብር ከጠገራው ይወደዳል። «ጠገራ ነው» ተብሎ በጠገራ ዋጋ ከተሰጣችሁ ምስጋና አቅርባችሁ ውሰዱ።

ስትሸጡና ስትገዙ

አንድ ቀን አንዲት እናት ሦስት ጠገራ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ።

«ልጄ፣ አንዱ ሰው ለሦስቱም ይህን ያህል ሰጠኝ፤ ልሽጥለት ወይ?» አሉኝ።

ሰላምታ ሰጥቼ ቡና አስቀርቤ መዘንኩላቸው። ሁለቱ 28 ሆኑ፤ ሦስተኛው 27.4፣ ብዙ ተበልቷል። ስልኬ ላይ የዕለቱን ዋጋ አባዝቼ አሳየኋቸው፤ የተሰጣቸው ከብሩ ሚዛን ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር።

«እማማ፣ ቢያቀልጡት እንኳ ከዚህ ይበልጣል» አልኳቸው።

«ታዲያ ላቅልጠው?»

«ኧረ በጭራሽ!»

ሳቁ። በመጨረሻ አንዱን ሸጡ፣ ሁለቱን ለልጅ ልጃቸው አስቀሩ። እኔ የምከተለው ደንብ ይህ ነው፦ ለተራ ጠገራ ከብሩ ሚዛን ትንሽ ዝቅ ብዬ እጀምራለሁ፣ ብዙም አልፌ አልሄድም። ለምኒልክ ብር ግን ሚዛኑ መነሻ ብቻ ነው፤ ዋናው ዓመቱና ጋማው ነው። ኢንተርኔት ላይ ዋጋ ስትፈልጉ ሻጩ የጠየቀውን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን እዩ። ኢቤይ ላይ ለጠገራ አምስት ሺህ ዶላር የጠየቀ ሞልቷል፤ መጠየቅ አይከለከልም።

ስታስቀምጡ ሽታ ያለው ለስላሳ ፕላስቲክ ከረጢት አትጠቀሙ፤ ከጊዜ በኋላ ያጣብቀዋል፣ አረንጓዴ ያወጣል። ጋዜጣና ጎማ ላስቲክም ያጠቁራሉ። የጥጥ ወረቀት ፖስታ፣ በደረቅ ሳጥን። ክረምት ላይ ሳጥኑ ከግድግዳው ራቅ ይበል።

የአክሱም ሳንቲም ለምትሉኝ፦ አዎ፣ የአክሱም ነገሥታት ከኢንዱቢስ ጀምሮ ወርቅ፣ ብርና መዳብ አትመዋል፤ አንዳንዱ ብር በንጉሡ ራስ ዙሪያ የወርቅ ቅብ አለው፣ ያየ ሰው አይረሳውም። እኔ ግን አልገዛም። መንገድ ላይ የሚሸጠው አብዛኛው ቅጂ ነው፤ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ቅርስ ነው። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ «የአያታችንን ብር ላኩልኝ» ካላችሁም መጀመሪያ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ሄዳችሁ ጠይቁ። የኔ እህት ስትሄድ ከጠገራዎቹ አንዱን ልትወስድ አስባ ነበር፤ ጠይቀን እስክንጨርስ የበረራዋ ቀን ደረሰ። ብሩ እዚህ ቀረ፤ እሷ ፎቶውን ይዛ ሄደች።